ሳይጠቅም የሚወደድ ልጅ

ከአዳማ ወደ አሰላ የሚወስደው መንገድ አዋሽ መልካሳን አልፎ ዴራ ሲደርስ ገና ከቆላው አልወጣም። ግራሩ፣ አቧራው፣ የቀትሩ ሐሩር ሁሉ የስምጥ ሸለቆ ነው። ከዴራ በኋላ ግን መንገዱ ሽቅብ ይያያዘዋል። ኢተያንና ጎንዴን አልፎ አሰላ ሲገባ ተሳፋሪው ጋቢውን ይደርባል፤ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ጭላሎም ይገተርበታል። 75 ኪሎ ሜትር ገደማ በሚሆነው በዚህ መንገድ የሚለወጠው አየሩ ብቻ አይደለም። የልጆቹ ጥርስም ይለወጣል።

ነገሩ የውኃ ነው። በስምጥ ሸለቆው ወለል የሚቆፈር ጉድጓድ ውኃው በእሳተ ገሞራ ድንጋይ ውስጥ አልፎ ስለሚመጣ ፍሎራይድ ይበዛበታል። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውኃ ያስቀመጠው ወሰን በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ሲሆን፣ በሸለቆው ውስጥ ይህን በብዙ እጥፍ የሚያልፉ ጉድጓዶች አሉ። ልጅ ይህን እየጠጣ ሲያድግ፣ ቋሚ ጥርሱ ገና በድዱ ውስጥ ሳለ ፍሎራይዱ የጥርሱን ሽፋን ያበላሸዋል፤ ጥርሱም የበለዘ ሆኖ ይበቅላል። በመፋቂያ አይለቅም፣ በሳሙናም አይለቅም። የነርቭ ሐኪሙ ፕሮፌሰር ረዳ ተክለ ሃይማኖት ከባልደረቦቻቸው ጋር ይህንኑ ጉዳይ በስምጥ ሸለቆው፣ በተለይም በወንጂ ሸዋ ስኳር እርሻ ሠራተኞችና ቤተሰቦች ላይ ለዓመታት አጥንተውታል። ፍሎራይዱ ሲብስ አጥንትንም ይጎዳል።

እንግዲህ አንድ የቆላ ልጅ ለትምህርት ደጋ ካሉ ዘመዶቹ ዘንድ ይላካል እንበል። የክፍል ጓደኛው አፉን ትኩር ብሎ አይቶ «አንተ፣ ጥርስህን አትፍቅም እንዴ?» ይለዋል። ልጁ መልስ የለውም። የእናቱም የአባቱም ጥርስ እንደዚያው ስለሆነ ቤቱ ውስጥ ነገሩ ጥያቄ ሆኖ አያውቅም። ከዚያች ቀን ወዲያ ሲስቅ እጁን አፉ ላይ ይጭናል።

የሥዕል መጽሐፍ ለዚህ ልጅ ምን ሊያደርግለት ይችላል? ለጠየቀውስ ልጅ? ጠያቂውን አብሬ የማነሳው እሱም መጽሐፍ ስለሚያስፈልገው ነው። ክፉ ልጅ አይደለም፤ ስለ ውኃው የነገረው የለም፤ እንዲህ ዓይነት ጥርስ ያለው ሰው በማንኛውም ሥዕል ላይ አላየም፤ ያየውን ጠየቀ።

ልጅ ልዩነትን መቼ ያያል?

«ልጆች ልዩነት አያውቁም፤ የሚያስተምራቸው ትልቅ ሰው ነው» የሚል አባባል በየቤቱ ይሰማል። ግማሹ ብቻ ነው እውነቱ። እ.ኤ.አ. በ2006 ያይር ባር-ሃይምና ባልደረቦቹ ያወጡት ጥናት እኛንም የሚመለከት ነው። የሦስት ወር ሕፃናትን የሰዎች ፊት ፎቶግራፍ ጥንድ ጥንድ አድርገው አሳዩአቸው። በእስራኤል በነጮች መካከል የሚያድጉት ሕፃናት የነጭን ፊት ረዘም አድርገው አዩ። እዚህ ኢትዮጵያ የሚያድጉት ደግሞ የጥቁርን ፊት ረዘም አድርገው አዩ። ወደ እስራኤል ሄደው በስደተኞች መቀበያ ማዕከል ውስጥ ጥቁሩንም ነጩንም ዕለት ዕለት እያዩ ያሉት የኢትዮጵያውያን ሕፃናት ግን አንዱን ከሌላው አላስበለጡም።

ረዘም አድርጎ ማየት ጥላቻ ማለት አይደለም። ከጥናቱ የምንረዳው፣ ዓይን የለመደውን የሚመርጠው ቋንቋ ሳይመጣ፣ ስድብ ሳይታወቅ፣ ማንም ሳያስተምር መሆኑን ነው። መድኃኒቱም እዚያው ጥናት ውስጥ አለ፤ ብዙ ዓይነት ፊት እያየ ያደገ ሕፃን ብዙ ዓይነት ፊት ይለምዳል። በአንድ ቀበሌ ውስጥ ሁሉንም ዓይነት ሰው ማግኘት አይቻልም። በመጽሐፍ ውስጥ ግን ይቻላል።

ቀጥሎ የሚመጣው የትልልቆቹ ድርሻ ነው። በሚኒባስ ውስጥ የአራት ዓመት ልጅ በክራንች የሚሄድ ሰው አይቶ «እማዬ፣ የሰውዬው እግር የት ሄደ?» ይላል። እናት በኀፍረት ትሸማቀቃለች፤ ክንዱን ቆንጠጥ አድርጋ «ዝም በል! ነውር ነው!» ትለዋለች። ልታስተምረው የፈለገችው ጨዋነት ነበር። ልጁ የተማረው ግን ስለዚያ እግር መናገር አስነዋሪ መሆኑን ነው፤ ስለ እግሩ መናገር ነውር ከሆነ እግሩ ራሱ ነውር ነው ማለት ነው። ሰውየውም ከጎን ተቀምጦ ይህንኑ ሰምቷል።

ይህ ነውር ሲያድግ ምን እንደሚመስል ሁለት ቁጥሮች ይነግሩናል። በ1999 ዓ.ም. የሕዝብና ቤት ቆጠራ የአካል ጉዳተኞች ብዛት ከሕዝቡ 1.09 በመቶ ብቻ ሆኖ ተመዘገበ። የዓለም ጤና ድርጅትና የዓለም ባንክ እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጡት ሪፖርት ግን የኢትዮጵያ ግምት 17.6 በመቶ ነው። የትርጉምና የአጠያየቅ ልዩነት ለክፍተቱ አንዱ ምክንያት ነው። ሌላው ምክንያት ግን ጓዳ ውስጥ ነው ያለው፤ ቆጣሪ ሲመጣ እንግዳ እንደመጣ የሚደበቅ ልጅ አለ። በአገራችን ሰፈር ያደገ ሰው እንዲህ ያለ ቤት አንድ እንኳ ሳያውቅ አይቀርም።

ስሙን ጠርቶ ማቅረብ፣ ስሙን ጠርቶ ማራቅ

ልዩነትን የሚመለከቱ የልጆች መጻሕፍት ሲጻፉ ደራሲያን ሁለት መንገድ ይይዛሉ። አንዱ «ሁላችንም አንድ ነን» ብሎ ልዩነቱን ማለስለስ ነው። ሁለተኛው ልዩነቱን በስሙ መጥራት ነው። የትኛው ይሠራል የሚለውን ሊንዚ ካሜሮንና አዳም ሩትላንድ የተባሉ የእንግሊዝ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች ፈትሸውታል። እ.ኤ.አ. በ2006 ባወጡት ጥናት ከአምስት እስከ አሥር ዓመት ለሆኑ ተማሪዎች ለስድስት ሳምንት የጓደኝነት ታሪኮች ተነበቡላቸው። በታሪኮቹ ውስጥ አካል ጉዳት ያለበትና የሌለበት ልጅ ጓደኛሞች ናቸው። ለአንዱ ቡድን የጓደኛሞቹ የግል ጠባይ ብቻ ጎላ ብሎ ተነገረ፤ ለሌላው ቡድን ግን ከጓደኝነቱ ጋር አንደኛው አካል ጉዳተኛ መሆኑም ሳይሸፋፈን ተነገረ። የልጆቹን አመለካከት ይበልጥ የለወጠው ይህ የኋለኛው ነው።

እኔ ይህን ውጤት ደጋግሜ አስቤበታለሁ፤ ምክንያቱም እኛ ስም መጥራትን በሌላ በኩል ነው የምናውቀው። «ቆማጣን ቆማጣ ካላሉት ገብቶ ይፈተፍታል» የሚለው ተረትና ምሳሌ በልጅነታችን ጆሯችን ውስጥ የገባ ነው። እዚያ ስም የሚጠራው ሰውየውን ከመሶቡ ለማራቅ ነው። ካሜሮንና ሩትላንድ ባነበቧቸው ታሪኮች ውስጥ ደግሞ ስም የሚጠራው ሰውየው መሶቡ ላይ ከተቀመጠ በኋላ ነው። ጓደኝነቱ ይቀድማል፤ ከዚያ «ጓደኛዬ በተሽከርካሪ ወንበር ነው የሚሄደው» ማለት እንደ ማንኛውም ወሬ ወሬ ይሆናል። ልጅ ሁለቱን አነጋገሮች ለመለየት ማብራሪያ አያስፈልገውም። ሥዕሉ ላይ ማን ከማን ጋር እንደተቀመጠ ያያል።

የሥዕል መጽሐፍ ጉልበቱም እዚህ ላይ ነው። የተለመደው የሥዕል መጽሐፍ 32 ገጽ ነው፤ ትልቅ ወረቀት ታጥፎ ሲቆረጥ በስምንትና በ16 ገጽ ስለሚከፈል ኅትመቱ ራሱ የወሰነው ልክ ነው። በእነዚህ ገጾች ላይ ሁለት አንባቢዎች በአንድ ጊዜ ይሠራሉ። ትልቁ ሰው ፊደሉን ያነባል፤ ልጁ ሥዕሉን ያነባል። ብዙ ጊዜ የሚቀድመው ልጁ ነው። ጽሑፉ ያላነሳውን ያያል፤ ጥግ ላይ ያለችውን ድመት፣ በግራ እጁ የሚጽፈውን ተማሪ። ስለዚህ በሥዕል መጽሐፍ ውስጥ አንድን ልጅ ምንም ሳይሉ ማስገባት ይቻላል። የመስሚያ መሣሪያ ያደረገች ልጅ ከኋላ ተሰልፋ ዳቦ ትገዛለች፤ ታሪኩ ስለ እሷ አይደለም፤ ግን አለች። ስም የሚጠራባቸውም ስም የማይጠራባቸውም ገጾች ያስፈልጋሉ፤ ሁለቱም የየራሳቸው ሥራ አላቸው።

የሚለካበት ጥያቄ

በዓለም ላይ ልዩነትን እንዲያስተምሩ ተብለው የሚመሰገኑ መጻሕፍት ብዙ ናቸው። እኔ አንዱን ከሌላው የምለየው በአንድ ጥያቄ ነው፤ ይህ ልዩ የሆነ ልጅ ባይጠቅማቸው ኖሮ ይቀበሉት ነበር?

ሩዶልፍ የሚባለውን አጋዘን እንውሰድ። ሮበርት ሜይ እ.ኤ.አ. በ1939 ለአንድ የቺካጎ የንግድ ድርጅት የጻፈው ይህ ተረት በፈረንጆች ገና ሁሉ ይዘፈናል። አጋዘኑ አፍንጫው ቀይና የሚያበራ ስለሆነ ይሳለቁበታል። ጭጋጋማ ሌሊት መጥቶ መብራት ሲያስፈልግ ግን ያ አፍንጫ መንገድ ይመራል፤ የሳቁበት ሁሉ ወደዱት። እኔ ይህን ለልጅ ማንበብ አልፈልግም። ጭጋግ ባይመጣስ? በአብዛኛው ሰው ሕይወት ውስጥ እኮ ጭጋጉ አይመጣም።

ሊዮ ሊዮኒ እ.ኤ.አ. በ1963 ያሳተመው «ስዊሚ» ሥዕሉ እጅግ ያማረ መጽሐፍ ነው። በቀያይ ዓሦች መካከል አንዱ ጥቁር ነው፤ በመጨረሻ ትናንሾቹ ዓሦች ተሰብስበው የትልቅ ዓሣ ቅርጽ ሲሠሩ ጥቁሩ ዓይን ይሆናል። እወደዋለሁ፤ ግን እሱም ወደ ጥቅም ያዘነብላል። የአንደርሰን አስቀያሚው የዳክዬ ጫጩት (1843) ደግሞ ከዚያ ይብሳል። ጫጩቱ የሚድነው አስቀያሚ ሆኖ በመወደዱ አይደለም፤ ሳቢ ሆኖ በመገኘቱ፣ የራሱንም ዓይነት በማግኘቱ ነው። የበለዘ ጥርስ ያለው ልጅ ይህን ሰምቶ ነጭ ጥርስ የሚያበቅልበትን ቀን ይጠብቃል።

ፈተናውን ሙሉ በሙሉ የሚያልፈው በእኔ ዓይን ፈርዲናንድ ነው። ማንሮ ሊፍ ጽፎት፣ ሮበርት ሎውሰን ሥሎት እ.ኤ.አ. በ1936 የታተመው ይህ መጽሐፍ ስለ አንድ የስፔን ወይፈን ነው። እኩዮቹ ሲዋጉ እሱ ዛፍ ሥር ተቀምጦ አበባ ያሸታል። ንብ ነድፋው ሲፈራገጥ ያዩ ሰዎች ኃይለኛ መስሏቸው ወደ ማድሪድ የበሬ ትግል ሜዳ ይወስዱታል፤ እዚያም ተቀምጦ የሴቶቹን የፀጉር አበባ ያሸታል። ምንም አያደርግም። ማንንም አያድንም፣ ማንንም አያሸንፍም። ወደ ዛፉ ይመልሱታል፤ እዚያም ደስ ብሎት ይኖራል። እናቱም መጀመሪያ ብቸኝነቱ አሳስቧት፣ ጠይቃው፣ መልሱን ሰምታ የምትተወው እናት ናት። በአምባገነኑ ፍራንኮ ዘመን ስፔን ይህን መጽሐፍ አግዳው ነበር። ምንም የማያደርግ ወይፈን ያን ያህል አስፈራ።

ዴቪድ መኪ እ.ኤ.አ. በ1968 ያወጣው «ኤልመር» መሃል ላይ ይቆማል። ኤልመር ቆዳው ባለ ብዙ ቀለም ዝሆን ነው። ሌሎቹን ለመምሰል ግራጫ ፍሬ ላይ ተንከባሎ ይቀባል፤ ከዚያ ግን መንጋው ጭር ይላል፤ ዝናብ ሲያጥበውም ሁሉም ደስ ይላቸዋል። መኪ ሚስቱ ከእንግሊዝና ከሕንድ የምትወለድ ሴት ነበረች፤ አንድ ልጅ በመንገድ ላይ በሴት ልጁ ላይ የወረወረው የዘር ስድብ ለታሪኩ መነሻ እንደሆነው ተናግሯል። ኤልመር የሚወደደው ስለሚያስቃቸው መሆኑ ትንሽ ቅር ይለኛል። ሆኖም መጽሐፉ ኤልመር ራሱን ሲደብቅ መንጋው ምን እንደሚያጣ በሥዕል ያሳያል፤ ይህን ደግሞ የሦስት ዓመት ልጅ ሳይቀር ይረዳዋል።

ማሞ ቂሎን እንደገና

ወደ ቤታችን ስንመለስ የምናገኘው ማሞ ቂሎን ነው። እናቱ ሥራ ትልከዋለች፤ የተከፈለውን ገንዘብ ጥሎ ይመጣል። «ኪስህ ውስጥ አትከተውም ነበር?» ትለዋለች። በማግሥቱ የተሰጠውን ወተት ኪሱ ውስጥ ያፈስሳል። «በራስህ ላይ አትሸከመውም ነበር?» ስትለው ደግሞ ቅቤውን ፀሐይ ላይ በራሱ ይሸከማል። እንዲህ እያለ ይቀጥላል፤ በየቤቱ ልዩ ልዩ ሆኖ ይተረታል፤ ሁላችንም ስቀንበታል።

ይህ ተረት በአገራችን የሥዕል መጽሐፍ ታሪክ ውስጥ የተለየ ቦታ አለው። ዮሐንስ ገብረ ጊዮርጊስ ነገሌ ቦረና ተወልዶ ያደገ ሰው ነው፤ ከመማሪያ መጽሐፍ ውጭ የመጀመሪያውን መጽሐፍ ያነበበው በ19 ዓመቱ እንደሆነ ይናገራል። ወደ አሜሪካ ተሰድዶ በሳን ፍራንሲስኮ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት የልጆች ክፍል ሲሠራ በአማርኛ የተጻፈ የልጆች መጽሐፍ ቢፈልግ አጣ። ስለዚህ የማሞን ታሪክ በአማርኛና በእንግሊዝኛ አድርጎ እ.ኤ.አ. በ2002 በባለ ቀለም ሥዕል አሳተመው። ከደራሲዋ ጄን ከርትዝ ጋር ሆነው «ኢትዮጵያ ሪድስ» የተባለውን ድርጅት መሠረቱ፤ እ.ኤ.አ. በ2003ም የሾላ የልጆች ቤተ መጻሕፍት አዲስ አበባ ውስጥ ተከፈተ። በኋላ በሐዋሳ መጽሐፍ የሚጭን የአህያ ጋሪ ሰፈር ለሰፈር መዞር ጀመረ። ዮሐንስ ለዚህ ሥራው እ.ኤ.አ. በ2008 ከሲኤንኤን የዓመቱ ጀግኖች አንዱ ሆኖ ተመርጧል።

እኔ ግን ማሞን ዛሬ ሳነበው ሌላ ነገር ይታየኛል። ማሞ ሰነፍ አይደለም፤ እምቢተኛም አይደለም። የተነገረውን ቃል በቃል የሚይዝ ልጅ ነው። ትናንት የተሰጠውን ምክር በታማኝነት ዛሬ ይፈጽማል። የኦቲዝም ተጠቂ ልጅ ያላቸው ወላጆች ይህን ጠባይ ከቤታቸው ያውቁታል። ማሞ እንዲህ ነበር እያልኩ ምርመራ ልሰጠው አይደለም፤ ተረት ነው። ነገር ግን ተረቱን ለልጆች ስናነብ አንድ ጥያቄ ብንጨምርበት ሳቁ ይለወጣል፤ «ለማሞ ነገሩን እንዴት አድርገን ብንነግረው ይገባው ነበር?» ልጆች ወዲያው መፍትሔ ያፈልቃሉ። ጥፋቱ የማሞ ብቻ ሳይሆን ምክሩን ሁልጊዜ አንድ ቀን አዘግይቶ የሚሰጠውም ሰው መሆኑን ያገኙታል። ደግሞ አስተውሉ፤ እናቱ በየቀኑ ትቆጣለች እንጂ አንድ ቀን እንኳ ከቤት አታስወጣውም፤ በማግሥቱ እንደገና ታምነዋለች። በተለመደው አተራረክ ማሞ በመጨረሻ ስቃ የማታውቅ የሀብታም ልጅ አስቆ ያገባታል። ለእኔ ከዚያ ይልቅ የእናቱ ደጅ ይበልጥብኛል።

ስለ ኦቲዝም ካነሳን ወይዘሮ ዘሚ የኑስን ሳይጠቅሱ ማለፍ ግፍ ነው። ከአሜሪካ ተመልሰው፣ ኦቲዝም ላለበት ልጃቸው የሚሆን ትምህርት ቤት አጥተው፣ እ.ኤ.አ. በ2002 ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን በአዲስ አበባ ከፈቱ። በዘመኑ እንዲህ ያለ ልጅ በእርግማን ወይም በእናቱ ኃጢአት ይመካኝ ነበር። ዘሚ ልጃቸውን ይዘው በአደባባይ ወጡ፤ የፊደልን ድምፅ የሚያስተምሩበት የራሳቸውን ዘዴ «አቡጊዳ ፎኔቲክስ» ብለው አዘጋጁ፤ እ.ኤ.አ. በ2021 እስኪያርፉ ድረስ ከጓዳ ልጅ ማውጣት ሥራቸው ነበር።

በቴሌቪዥንም ብሩክታዊት ጥጋቡና ባለቤቷ የጀመሩት «ፀሐይ መማር ትወዳለች» የተሰኘው ዝግጅት በቀጭኔ አሻንጉሊት አማካይነት ለአንድ ትውልድ ልጆች አስተማሪ ሆኗል፤ ብሩክታዊት እ.ኤ.አ. በ2010 የሮሌክስ ወጣት ተሸላሚ ሆናለች። የታተመው መጽሐፍ ግን አሁንም ጥቂት ነው። ወረቀቱ ከውጭ ይመጣል፤ ባለ ቀለም ኅትመት ውድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 በተደረገው የንባብ ምዘና ከሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች 34 በመቶ ያህሉ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም ነበር። ፊደል ያልቆጠረ ልጅ ደግሞ ሥዕል ማንበብ ይችላል፤ በዚያ በኩል ነው ወደ ፊደሉ የሚገባው።

ከአርሲ ምን ይሣላል?

የአርሲ ደጋ ለዚህ ዓይነት መጽሐፍ ሀብታም ነው። ኃይሌ ገብረ ሥላሴ እ.ኤ.አ. በ1973 በአሰላ አቅራቢያ ተወልዶ፣ አሥር ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ትምህርት ቤት እየሮጠ ሄዶ እየሮጠ ይመለስ ነበር። ደብተሩን በግራ ክንዱ ይይዛል። በኋላ በአትላንታም በሲድኒም ሲያሸንፍ ያ ግራ ክንዱ ደብተር እንደያዘ ዓይነት ተጣጥፎ ነበር። ሌሎች ሯጮች እጃቸውን እኩል ያወዛውዛሉ፤ የኃይሌ እጅ ግን እኩል አልነበረም። አንድ ሠዓሊ ይህን በሁለት ገጽ ጎን ለጎን ቢያስቀምጠው ልጅ ያለ አንዳች ቃል ይረዳዋል። የበቆጂዋ ደራርቱ ቱሉም እ.ኤ.አ. በ1992 በባርሴሎና 10,000 ሜትሩን አሸንፋ የመጀመሪያዋ ጥቁር አፍሪካዊት የኦሊምፒክ የወርቅ ባለቤት ስትሆን፣ ሁለተኛ ከወጣችው ከነጯ ደቡብ አፍሪካዊት ከኤላና ሜየር ጋር እጅ ለእጅ ተያይዘው ሜዳውን ዞሩ። ይህ ለሥዕል መጽሐፍ የተዘጋጀ ገጽ ነው።

ግን እዚህ ላይ ቆም ማለት አለብኝ። ኃይሌም ደራርቱም አሸናፊዎች ናቸው። የትነበርሽ ንጉሤ በወሎ አማራ ሳይንት ተወልዳ በአምስት ዓመቷ ዓይኗን አጣች፤ በሻሸመኔ የዓይነ ሥውራን ትምህርት ቤት ተምራ፣ የሕግ ባለሙያ ሆና፣ እ.ኤ.አ. በ2017 አማራጭ ኖቤል የሚባለውን ሽልማት ተቀበለች። ትዕግሥት ገዛኸኝ በቶኪዮ ፓራሊምፒክ 1,500 ሜትር አሸንፋ ለኢትዮጵያ የመጀመሪያውን የፓራሊምፒክ ወርቅ አመጣች። እነዚህ ታሪኮች መነገር አለባቸው። ግን እነሱ ብቻ ከተነገሩ የሩዶልፍን ተረት በሌላ ልብስ ደገምነው ማለት ነው። ዓይኗን ያጣች የዴራ ልጅ ሎሬት ካልሆነች ቦታ የላትም? አትሸለም፤ አትሩጥ፤ ተራ ልጅ ትሁን። ተራ መሆን ለእሷም ይገባታል።

እኔ እንዲጻፍ የምመኘው መጽሐፍ እንግዲህ ይህን ይመስላል። የዴራ ልጅ ናት፤ ጫልቱ እንበላት። ጀሪካን ይዛ ቦኖ ትሰለፋለች፤ ፍየሏ ታስቸግራታለች። በክረምት ፍየሏን ይዛ አሰላ አክስቷ ዘንድ ትሄዳለች። የአክስቷ ልጅ ስለ ጥርሷ ይጠይቃታል። እሷ አፏን ትሸፍናለች። አክስቷ ልጁን አትገሥጸውም፤ ሁለቱንም አስቀምጣ ውኃው ከምን ድንጋይ ውስጥ እንደሚመጣ ትነግራቸዋለች። በቀጣዩ ገጽ ፍየሏ የአጎትን ባርኔጣ ትበላና ሁሉም ይስቃሉ፤ ጫልቱም ጥርሷ እስኪታይ ትስቃለች። በቃ። ጉድጓድ አታገኝም፤ ውድድር አታሸንፍም። ጽሑፉ በአፋን ኦሮሞና በአማርኛ ጎን ለጎን ይሁን፤ ዴራ ገበያ ላይ ልጆች ሁለቱንም ይሰማሉና።

ይህን ስል አንድ ነገር እንዳይዛባ እፈልጋለሁ። የበለዘ ጥርስ ውበት ነው ብለን ለልጅ መዋሸት የለብንም። ፍሎራይድ የበዛበት ውኃ ጉዳት ነው፤ መስተካከል ያለበትም ነገር ነው፤ የሥዕል መጽሐፍም ለውኃ ጉዳይ ኃላፊዎች ማምለጫ መሆን የለበትም። የምንቀበለው ልጅቱን ነው፤ ውኃውን አይደለም። ልጆች ይህን መለየት ይችላሉ። የፖሊዮ ክትባት እንዲዳረስ የሚሠራ አገር በፖሊዮ እግሯ የተጎዳችን ልጅ ሊያከብር እንደሚችል ሁሉ፣ ንጹሕ ውኃ የሚጠይቅ መንደርም የልጁን ሳቅ ሳይሸማቀቅ ሊያይ ይችላል።

እንዲህ ያለ መጽሐፍ ሲነበብ ደግሞ አነባበቡ ግማሹን ሥራ ይሠራል። ግሮቨር ዋይትኸርስት እ.ኤ.አ. በ1988 ባወጣው ጥናት እያነበቡ ክፍት ጥያቄ የሚጠይቁ ወላጆች ልጆች በአንድ ወር ውስጥ በንግግር ከሌሎቹ ቀድመው ተገኝተዋል። «ምን ታያለህ? ቀጥሎ ምን የሚሆን ይመስልሃል?» የሚለው ይበቃል። የኦ ክፍል መምህር ከሆኑ አንድ ነገር አደራ እላለሁ፤ በመጽሐፉ ውስጥ ያለውን ልጅ የሚመስል ተማሪ ክፍልዎ ውስጥ ካለ፣ ሲያነቡ ወደ እሱ አይመልከቱ። ስሙን አይጥሩ፤ «እንደ እገሌ» አይበሉ። እሱ ራሱን በሥዕሉ ውስጥ በገዛ ጊዜው ያግኝ። መጽሐፉንም ደጋግመው ያንብቡት። በመጀመሪያው ንባብ ልጆች ልዩነቱን ያያሉ፤ በሦስተኛው ፍየሏን መከተል ይጀምራሉ፤ መጽሐፉ መሥራቱ የሚታወቀውም ያኔ ነው።

ማተሚያ ቤት መጠበቅ ግድ አይደለም። ከደቡብ አፍሪካ የተነሳው «አፍሪካን ስቶሪቡክ» የተባለው የልጆች መጻሕፍት ክምችት ማንም ሰው ታሪክ ጽፎ እንዲያስገባ፣ የሌላውንም ወደ ቋንቋው መልሶ በነጻ እንዲያሰራጭ ይፈቅዳል፤ አማርኛም አፋን ኦሮሞም አሉበት። አሰላ ውስጥ የመምህራን ትምህርት ኮሌጅ አለ፤ አርሲ ዩኒቨርሲቲም እዚያው ነው። በየዓመቱ ተመርቀው ወደ ዴራ፣ ወደ ኢተያ፣ ወደ በቆጂ ትምህርት ቤቶች የሚበተኑት ወጣቶች እያንዳንዳቸው በሁለት ቋንቋ አንዳንድ የሥዕል መጽሐፍ ሠርተው ቢወጡ ወጪው ወረቀትና እርሳስ ነው። ከእናንተ መካከል ይህን የምታነቡ ካላችሁ፣ በሰፈራችሁ ያለውን፣ ቆጣሪ ሲመጣ የሚደበቀውን ልጅ አስቡና የመጀመሪያውን ገጽ በዚህ ሳምንት ሣሉት።